ጥፍር ቆረጣ

ማክሰኞ ማክሰኞ በማለዳ መጥቶ፣
ከመስኮቱ ጥግ ላይ ወንበሩን አስጠግቶ፣
ጥፍሩን ይቆርጥ ነበር ዶክተር እጅጉ፣
እስከ ሥጋው ድረስ፤ ይህ ነው የሥራ ወጉ።
«ካሜራህ የሚያየው መብራት ሲኖር ነው፤
ጣትን ግን ፈጣሪ ለጨለማ ሠራው።»

ሁለት ቀን በታንኳ ከደቅ ተጓጉዘው፣
አያ ስንሻው መጡ ፊኛቸውን ይዘው።
«ውኃ ላይ ተወልጄ፣ ውኃ ላይ ሸብቼ፣
ጠብታ ለመንሁት ገላዬን፣ ቁጢጥ ብዬ አንግቼ።»

የወገብ መርፌ ወስደው እግራቸው ደንዝዟል፤
አፋቸው ግን ነቅቶ ደንገል ይጎነጉናል፦
«እርጥቡን አታስሩት፣ የደረቀው ይሻላል፤
ቋጠሮው ከላላ ታንኳ ውኃ ይጠጣል።»

የኔ ድርሻ ብረት ነው፤ ቁስሉን ይዤ ከፍቼ፣
ክንዴ እስኪዝል ድረስ እንደ ካስማ ተገትቼ።
ከእምብርት በታች ተቀዶ፣ ፊኛው አፉን ከፍቶ፣

መብራት ጠፋ።

ጄኔሬተሩ አንዴ አስነጠሰ፤ ተወው።
ሲስተር ይታክቱ ባትሪ ፍለጋ ሮጠች።
እሱ አልጠበቀም።

አንዱን ጣት ከላይ፣ በፊኛው በኩል፤
ሌላውን ከታች፣ በማይጠሩት በር።
ሁለቱ ጣቶች በሥጋ ግድግዳ
ማዶ ለማዶ ተጠራሩ፣
ያን ያበጠ ዕጢ መሐል አስገብተው።
ዓይኑን ጨፈነ፤ ምን ያደርግለታል?
እንደ ገዳም ትርንጎ፣ ልጣጩን ሳይጎዳ፣
ፍሬውን ብቻ ዙሪያውን ፈለቀቀ።
«መጣች» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ልጅ እንደሚያዋልድ።
ትሪው ላይ ዱብ አለች፦
የሎሚ ታላቅ፣ የብርቱካን ታናሽ።

ከዚያ ደም።
ጉድጓዱ ፋሻ ጎረሰ፣ ደግሞ ጎረሰ፤
ቱቦው ባሎኑ ተነፍቶ
ጭናቸው ላይ ተወጥሮ ታሰረ።
«ጠበቅ አርጉት!» አሉ አያ ስንሻው ከመጋረጃው ወዲያ፤
ለታንኳው ይሁን ለደሙ
እስካሁን አላወቅሁም።
መብራት ሲመጣ የቆዳውን ክር እየቋጠርን ነበር።

ከረጢቱ ፊት ቀይ ሥር መሰለ፣
ኋላ የጠጅ ቀለም፣
ኋላ የጣና ውኃ በጥቅምት።

በዘጠነኛው ቀን ቱቦው ወጣ።
የወንዶች ክፍል ጸጥ አለ፤
አሥራ አንድ ሽማግሌ
ለአንድ ባልዲ ጆሮ ሰጠ።
ምንም።
ጠብ።
ጠብ፣ ጠብ።
ከዚያ...
«ዘነበ!» አለ የሜጫው ገበሬ ከጥጉ አልጋ፤
የተሰፋ ሆድ ሁሉ
ሳቁን በእጁ ደግፎ አቃሰተ።

ዶክተር እጅጉ ጡረታ ወጥቷል።
እኔ ዛሬ በቱቦ ገብቼ፣ ስክሪን እያየሁ፣
ዕጢውን በኤሌክትሪክ እልጋለሁ፤
ሆድ ሳይቀደድ፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት።
ደግ ነገር ነው፤ አልዋሽም።

ግን ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ሰው ሳይመጣ፣
መስኮቱ ጥግ ተቀምጬ ጥፍሬን እቆርጣለሁ።
ማን ያውቃል፤
መብራት ነው።