አራት ጣት

ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ ደረጃው ከተሰበረበት፣
በሩ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ከተጻፈበት፣
ሱቃችን ሦስት ቀን ቀራት።
ሰፈሩ ጨርቄን ማቄን ሳይል ተነቅሏል፤
መደርደሪያው ወርዷል፣ መስተዋቱ ተሸጧል፤
ጋሽ ሸምሱ ግን በርጩማው ላይ እንዳመሉ ተቀምጧል።
ሲንጀሯ አለች። እኔ አለሁ።
ጥግ ላይ አንድ ማዳበሪያ፣ አፉ በሲባጎ የተሰፋ።
"ፍቺው" አለኝ፤
ድምፁ ቀጠነብኝ፣ ያ ሲቆጣ ጣራ የሚገፋ።

ፈታሁት።
ጥቅል ጥቅል ጨርቅ፣ እንደ ቁስለኛ ፋሻ፤
ብዘረጋው አንድ ወርድ ነው፣ ከመነሻ እስከ መድረሻ፦
አራት ጣት።
ካኪ፣ ተትረን፣ ፖፕሊን፣ የዘበኛ ካፖርት፣
ከፋይ፣ አቡጀዲ፣ ግራጫ ሱፍ የጡረታ ኮት።

"ከየሰዉ ጨርቅ" አለ፣ "አራት አራት ጣት አስቀረሁ።
መጀመሪያ ለኪስ፣ ለኮሌታ ብዬ ነበር፤
ኋላ እጄ ለመደ። እጅ ከለመደ ምን ይነገር?
'ልብስ ሰፊ ሌባ ነው' ሲሉ አብሬያቸው እስቅ ነበር።
ሠላሳ ዓመት።
አሁን ግጠሚልኝ። ድሪቶ ይሁን።
ጀሞ፣ ልጄ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ስገባ
በረንዳው ላይ አሰጣዋለሁ፤
ከባለቤቶቹ አንዱ በታች ካለፈ፣ ጨርቁን ካወቀ፣ ይግባ።"

ሲንጀሯን ዘይት አጠጣሁ።
ጥብጣብ በጥብጣብ ላይ፣ ፊት ለፊት ደፍቼ፣
ከዳሩ የእግሯን ወርድ ያህል ብቻ አስገብቼ
ነዳሁ።
"ሁሉን ካንድ ወገን አትንጂ፤ ጎብጦ ይቀራል እንደኔ፤
አንዱን ቁልቁል ከሰፋሽ፣ ቀጣዩን ሽቅብ ነው ያኔ።"
መብራት ሄደ። የከሰሉን ካውያ አነደድኩ።
ስፌቱን ወደ ጥቁሩ አስተኛሁ፤
ነጭ ጨርቅ ገመና አይሸሽግም።

እሱ ይጠራል፣ እኔ እገጥማለሁ፦
"ይሄ የእማማ አልጋነሽ፣ ለልጇ ሰርግ ያሰፋችው፤
ይሄ የአስር አለቃ ጥላዬ፣ ሱሪውን ሳይወስድ የቀረው፤
ይሄ የሲኒማ ቤቱ ትኬት ቆራጭ፤
እሱ ትኬት፣ እኔ ጨርቅ…"
ሊስቅ ሲል ሳል ቀደመው።

በሁለተኛው ቀን፣ ወደ ማታ፣
ከጣቴ ሥር አንድ ሰማያዊ መጣ፤
ውኃ ሰማያዊ፣ መሐሉን አንድ ቢጫ ክር ስቶ ያለፈበት።
አወቅሁት።
እናቴ ከመርካቶ የገዛችው፣ ስለዚያ ክር የተቀነሰላት፤
የሁለተኛ ክፍል ዩኒፎርሜ።
ያ ያጠረው።
ዩኒት መሪዋ ከጉልበቴ በላይ በማስመሪያ ለክታ፣
ገና ባንዲራ ሳይሰቀል፣ ከሰልፉ ለይታ
የመለሰችኝ።
ጉልበቴን በደብተር ሸፍኜ ዓመቱን የጨረስኩበት።
እናቴ እስክትሞት የረገመችው ጨርቅ ሻጩን ነው፤
"ክንዱ ነው ያጠረ" ትል ነበር፣ "የነጋዴው ክንድ።"

ሲንጀሯ ቆመች።
"ምነው?"
"ክር አለቀ" አልኩት።
ማጠንጠኛው ሙሉ ነበር።
ውጪ ዶዘሩ የጎረቤትን ግድግዳ ሲገፋ
አቧራው በበሩ ገባ፤ ለሁለታችንም ሰበብ ሆነን፤
ዓይናችንን አሸን።

በሦስተኛው ቀን ድሪቶውን ወለሉ ላይ ዘረጋነው።
ያ ሁሉ ሰው፣ ጎን ለጎን፣ ሳይተዋወቅ ተሰፍቶ፣
የሙሽራዋ ሳቲን ከዘበኛው ካፖርት ተጠግቶ።
ጋሽ ሸምሱ ተንበረከከ።
በስንዝር ለካ፤ ደግሞ ለካ፤
እጅ አይረሳም ለካ!
ጣቶቹን ገጥሞ ከዳሩ አጠገብ ባዶው ወለል ላይ አስተኛቸው።
"አራት ጣት አጠረ" አለ፣ ቀና ሳይል።

እጄ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበር፣ ቢጫዋ ክር ጣቴ ላይ ተጠምጥማ።
"የነጋዴው ክንድ ነው" አልኩት።

አልጠየቀኝም።
አጣጥፌ አስታቀፍኩት፤ ደረጃውን ደግፌው ወረድን።
ለመንገደኛ የሚባለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።
ታክሲው ቁልቁል ወርዶ፣ ታጥፎ፣ ከዓይኔ ሲጠፋ ነው
"መንገዱን ጨርቅ ያርግልህ"
ያልኩት።