ሁለተኛው ፊርማ

ከሆጤ በታች፣ ቆርቆሮው ዝናብ በሚቆጥርበት ቤት፣
ጋሽ አበጋዝ ኑርዬ ነበሩት አርባ አንድ መጻሕፍት።
አርባ አንዱም እንግሊዝኛ፣ አርባ አንዱም ስለ ጦርነት፣
አርባ አንዱም የመጀመሪያ እትም፣ ደራሲው የፈረመበት።

እኔ መዝገብ ያዡ ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ፣
በሳሙና የታጠበ እጄን አሳያለሁ፤
«ገልብጠው» ይለኛል፤ እገለብጠዋለሁ።
ከዚያ ነው የብረት ሣጥኑ የሚከፈተው፣
የጥይት ሣጥን ነበር፣ ከሰኞ ገበያ በርካሽ የገዛው።
«ከርዕሱ ጀርባ እይ፤ መጽሐፍ ዘሩን የሚቆጥረው እዚህ ነው።
‹መጀመሪያ ታተመ› ብሎ ዝም ካለ፣ እሰየው፤
‹እንደገና ታተመ› ካለ ግን፣ ለቆሎ መጠቅለያ ስጠው።»

አንዱን ከበርበሬ ሻጭ ሚዛን ሥር አነሳው፣
አንዱን ኮምቦልቻ፣ አገሩ የሚገባ መሐንዲስ ሰጠው፤
አሥራ ሰባተኛውን ግን የሁለት ወር ደሞዝ ልኮ በመርከብ አስመጣው።
ሚስቱ ሉባባ ያን ዓመት ጫማ ሳትገዛ ቀርታለች፤
«በጫማዬ ዋጋ፣» ትላለች፣
«የማላውቀው ወታደር ማታ ማታ ጭቃ ውስጥ ይሞትብኛል።»

ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት፦ ቡናማ፣ ጠርዙን ምስጥ የቀመሰው፣
ደራሲው ቀኝ እጁን ጦር ሜዳ ትቶ የመጣ ሰው፤
በግራው ነው የፈረመው።
ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ ሽቅብ ይወጣና ይወድቃል፤
ጋሽ አበጋዝ ጣቱን ሳያስነካ፣ በአየር ላይ ይከተለዋል።
«ማተሚያ ሺህ ጊዜ ያንኑ ይደግማል፤
እጅ ግን አንዴ ነው የሚያልፈው። እዚህ ነበርኩ ይላል።»

እሱ ራሱ አልዘመተም። ሠፈሩ ልጆቹን ሲሸኝ፣
በደነቆረ ግራ ጆሮው ሰበብ ቀረ።
ይህን ማንም አያነሳም። እኔም አላነሳሁም፤
መዝገቡ ላይ ለዚህ የሚሆን ዓምድ አላሰመርንም።

ከዚያ ያለ ሽፋን፣ ያለ ርዕስ፣ ራሱ መጣ።
በሐይቅ በኩል ሲያጉረመርም ሰነበተ፣ አንድ ሌሊት ጦሳን ወጣ፤
ሰው ፍራሹን ተሸክሞ በቧንቧ ውሃ ቁልቁል ፈሰሰ።
ሉባባ ዱቄት ያዘች፣ የልጅ ልጇን፣ የቤቱን ካርታ።
ጋሽ አበጋዝ ሣጥኑን አነሳ፣ አስቀመጠ፣
አነሳ፣ አስቀመጠ፣
ቁልፉን ብቻ ይዞ ወጣ።

ታኅሣሥ ላይ ተመለስን። ቁልፉ አላስፈለገም፤
በሩ የለም።
ጓሮ ሦስት ጉልቻ፣ መሃሉ አመድ፤
አመዱ ላይ የወርቅ ቀለም ፊደል፣ ያልነደደ፣
የማን ስም እንደነበር የማይነበብ።
መዝገቡ ብብቴ ውስጥ ነበር። ማንበብ ጀመርኩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...
«ተው» አለኝ።

መስኮቱ ደፍ ላይ አሥራ ሰባት ተቀምጦ ነበር።
ከግራ እጁ ፊርማ ሥር፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣
ፊደሉ የኛው ነው፤ ቋንቋውን ተዉት፤

«ሌሊቱ ብርድ ነበር። ሌሎቹን ሳልከፍት አነደድኳቸው።
ይህን ስከፍት የሰው የእጅ ጽሑፍ አየሁ፣
እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው።
ተውኩት።»

ከዚያ ቀኑ። ከዚያ ፊርማው፣
ፊርማ ገና ያልለመደ ልጅ፦
ስሙን እስከ አያቱ ጽፎ፣ እንደ ፈተና ወረቀት ከሥሩ ያሰመረበት።
ስሙን አልነግራችሁም።

በፋሲካ ሰሞን ከአዲስ አበባ አንድ ሰብሳቢ መጣ፣ ጓንት ያጠለቀ።
«እንግሊዙን እገዛለሁ፤ የታችኛው በመድኃኒት ይለቃል፣
ምልክቱም አይታይ።»
የጠራው ዋጋ በር ይገዛል፣ ለመስኮትም ይተርፋል።
ጋሽ አበጋዝ ቀስ ብሎ
የግራ ጆሮውን አዞረለት።

ሰውዬው ሲሄድ መዝገቡን ጠየቀኝ።
በአሥራ ሰባት ትይዩ፣ «ፈራሚ» በሚለው ዓምድ፣
አንድ የነበረውን ሰርዞ ሁለት አለ፤ እጁ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።
ሉባባ ከኋላችን ቆማ፣ ማንበብ የማትችለውን ገጽ
ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየች።
«ብርድ ነበር ነው ያለው?» አለች።
«አዎ።»
«ጫማስ ነበረው ይሆን?»