የወንዙ ተራ

ቦርከና ዳር፣ ሙሄ አያቴ፣ የውሃ አባት፣
በትሩን ይተክላል ማለዳ፣ ጥላ ሊለካበት።
ጥላው ድንጋዩ ጋ እስኪደርስ ለእንድሪስ ሽንኩርት፣
ከዚያ ለዘይኑ በርበሬ፣ ባል ለሞተባት።
ሌሊት ቦይ የሰበረ ቅጣቱ ቦይ መጥረግ፤
ምስክሩ ጭቃው ነው፣ እግሩ ላይ እንደ ማዕረግ።

ቀትር ሲሆን ግን፣ የበትሩ ጥላ ሲጠፋ፣
ቦዩን ሁሉ ይደፍናል፤
«የወንዙ ተራ ነው፤ ማንም እንዳይከፋ።
ታች ሰው አለ።»

ፋብሪካው መጣ። ወንዙም ልብስ ለበሰ፣
ሰኞ ሰማያዊ፣ ሐሙስ ቀይ።
የዘይኑ ወይፈን አሽትቶት ተመለሰ።
በትሩ የት እንደገባ አላውቅም፤
የሰው አጥር ማገር ሆኖ ይሆናል።

እኔ ደሴ ነኝ፣ ቆጣሪ አንባቢ።
ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰሞኑን ስሙ ብቻ ነው ርጥቡ፤
ጀሪካን ተሰልፎ ባለቤቱ ጥላ ፍለጋ ሄዷል።
ቧንቧው ያፏጫል፤
ቆጣሪው በነፋስ ይዞራል፤
እኔም እጽፋለሁ።

«ልጄ» አሉኝ እትዬ ዘምዘም፣ ደረሰኙን አገላብጠው፣
«የነፋስ ሒሳብ፣ አንዱ ሜትር ኪዩብ ስንት ነው?»

መልስ ሳጣ፣ እስክሪብቶዬን
ደብተሬ ላይ ቀጥ አድርጌ አቆምኩት።
ፀሐይ ከጦሳ በላይ፣ አናታችን ላይ ነበረች።
ጥላ አልነበረውም።