ከብረቱ በር ማዶ

የልብስ ስፌት ሱቄ፣ ሽንብጥ መንገድ ዳር፣
ከብረቱ በር ማዶ፣ ከግራሩ ሥር፤
እዚያ ሆኜ አየሁት፣ ሲከፈት ሲዘጋ፣
አሥራ ሁለት ክረምት፣ አሥራ ሁለት በጋ።

እምቦጭን ከጣና፣ አጭዶ አድርቆ፣
ቺፑድ ሊያወጣበት፣ በሙጫ አጣብቆ፣
ብሎ ነገረኝ አንሙት፣ ቀጭኑ መሐንዲስ፣
ወገቡን ስለካ፣ ሜትሬን ስመልስ።

አክሲዮን የሸጡ 'ለት፣ በድንኳን በጡሩምባ፣
ከተማው ተጋፍቶ፣ ተራ ይዞ ገባ።
እኔ አልገዛሁም። ወረፋ አልወድም፤
የሚጮህ ሻጭ ካለ፣ ኪሴ አይከፈትም።

ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ማሽኑ ሲሰበር፣
ትርፍ ሳይከፋፈል፣ ወሬው ሲደረደር፣
«ተበላ!» ተባለ። የሺ ብሩን ወረቀት
በአራት መቶ ሲሉት፣ የሚያየው አጡለት።

ያኔ ነው የገዛሁት።
ሠላሳ አክሲዮን፣
ለአዲስ መኪና ብዬ፣ በእቁብ ባጠራቀምሁት።

ባሌ ፈንታሁን ግን፣ ሦስት ቀን አኮረፈ፤
በአራተኛው ማታ፣ ይችን ጥሎ አረፈ፦
«ቀስ በቀስ እንቁላል፣ በእግሩ እስኪራመድ፣
ስንት ዶሮ አለቀ፣ በየበዓሉ ሲታረድ?»

እውነቱን ነው። ሳቅሁኝ።
ግን እሱ ያላየው፣ አንድ ደብተር ነበረኝ።

ፊቱ የሰው ልክ ነው፤ ደረት፣ ወገብ፣ ትከሻ።
ጀርባው ግን የበሩ፣ ከጥዋት እስከ ማምሻ፦
ሰኞ፣ ሁለት አይሱዙ፣ እርጥብ እምቦጭ ገባ።
ሐሙስ፣ ባዶ። ዓርብ፣ ባዶ። ዓመት አልቆ ሲጠባ፣
ሦስት ሆነ። አምስት ሆነ። መብራት የጠፋ 'ለት ቆመ።
ወሬው «ሞተ» ሲለው፣ በሩ ግን አዘገመ።

ጨርቁን በፊት ለፊት፣ ሰው ቀለሙን ያያል፤
እኔ ገልብጬ ነው፣ ስፌቱ ይናገራል።

በየዓመቱ ኅዳር፣ ጉባኤው ሲጠራ፣
ሰው ለምሳው ሲመጣ፣ እኔ ለቁጥሩ ሥራ።
ኦዲተሩ ሲያነብ፣ በጣቴ እከተላለሁ፤
የማላውቀው ቃል ሲመጣ፣ እጄን አወጣለሁ።
«የእርጅና ቅናሽ ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቅ ሳቁ።
አንሙት ግን አስረዳኝ። የሳቁትም አላወቁ።

ከሠላሳው ስድስቱን፣ እናቴ ስትታመም ሸጥሁ።
በርካሽ። ግን አልቆጨኝ፤ ሁለት ፋሲካ አብሬያት ዋልሁ።
ትርፍ በሚሉት ውስጥ፣ ይኸም ይቆጠር ባይ ነኝ።

አሁን ደላላው ውብሸት፣ በሞተር ይመጣል፤
«እትዬ እማዋይሽ፣ በሦስት ሺ ይሸጣል!
ዛሬ ነው ዋጋው፤ ነገ ሊወርድ ይችላል።»
ይወርድ ይሆናል። ጣናም በበጋ ይወርዳል፤
ዓሣ አጥማጁ መረቡን፣ ለዚያ ብሎ ይሸጣል?

ሽማግሌ ሲያወራ፣ ግልገል አባይ ሲመጣ፣
ጣናን ሳይቀላቀል፣ ሰንጥቆ ነው የሚወጣ።
እውነት ይሁን አላውቅም። ውኃ ላይ ምልክት የለም።
ግን በጨረጨራ በኩል፣ ሳይወጣ ቀርቶ አያውቅም።

ውብሸት ሄደ። አቧራው ሳይሰክን፣ የብረቱ በር ጮኸ።
መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰክቼ፣ እርሳሴን አነሣሁ።
ዘጠኝ።
አሥረኛው መታጠፊያው ላይ፣ ጎማው ተንፍሶ፣
ቅጠል እያንጠባጠበ ቆሟል።
እሱን፣ ሲገባ እጽፈዋለሁ።