የተፋቀው ስም

ጥር ነው በኦህሪድ፣ ሐይቁ ጭጋግ ለብሷል፣
ቱሪስቱም ጀልባውም፣ ሁሉም ቤቱ ደርሷል፤
እኔ ስላቭካ ግን፣ ከደጀ ሰላሙ
ተቀምጫለሁ ብቻ፣ ተደርድሮ ሰሙ።
ደብቄ ይዣለሁ፣ ቄሱ መጥቶ እንዳያይ፣
አንድ ወፍራም ልቦለድ፣ ከጉልበቴ በላይ።

መድኃኒት ሻጭዋ፣ ሌንቼ ነች ያዋሰችኝ፤
«እንቅልፍ ከወደድሽ፣ ተዪው» ስትል መከረችኝ።

በመጀመሪያው ገጽ፣ ይሞታል መነኩሴ፣
ገና ሻሼን እንኳ፣ ሳላወርድ ከራሴ።
ቢላ ተገኘበት፣ የብራና መፋቂያ፤
ለጽሕፈት የኖረ፣ ሆነ ነፍስ ማጥፊያ።
ከጥንት ጉባኤ፣ ከጳጳሳት መዝገብ
አንድ ስም ተፍቋል፣ ዳግም እንዳይነበብ።
ማን ነበር? ምን አለ? ማን ነው ፈርቶ የፋቀው?
መርማሪዋ ሳታውቅ፣ እኔ ቀድሜ ላውቀው
ገጽ እዘላለሁ፣ ደግሞ እመለሳለሁ፣
«ዲያቆኑ ነው» ብዬ፣ በሻማ እምላለሁ፤
ሃያ ገጽ ሳልሄድ፣ ዲያቆኑም ተገደለ፣
የጠረጠርሁት ሰው፣ ሬሳ ሆኖ ዋለ።

ቦጎያ ዓሣ አጥማጁ፣ ሁለት ሻማ ቢለኝ
አምስት ቆጠርሁለት፤ «የት ነሽ አንቺ?» አለኝ።
«ከጳጳሳት ጋር ነኝ» ስለው አማትቦ ሄደ፣
የዓሣውና የሰሙ፣ ጠረን ተዋሐደ።

በሩን ዘግቼ እንኳ፣ አልሄድሁም ወደ ቤቴ፤
ምድጃው ሞቅ ብሏል፣ ተይዟል አንጀቴ።

አርባ ዓመት ሙሉ፣ ጸሎተ ሃይማኖቱን
በቃሌ ስደግም፣ ጧትና ማታውን፣
አልጠየቅሁም ከቶ፣ ከየት እንደ መጣ፣
ማን እጁን እንዳነሣ፣ ማን ተናዶ እንደ ወጣ።
ለካ ሰዎች ኖረዋል፣ ጉንፋን የያዛቸው፣
በቅሎ ያደከማቸው፣ ቤት የናፈቃቸው፣
ከንጉሡ ድግስ፣ ከወይኑ በኋላ
አንዲቱን ፊደል፣ የቀየሩ በሌላ።
ደራሲው ፈጥሮታል፣ እውነት አይደል፣ አውቃለሁ፤
ጥያቄው ግን እውነት ነው፤ እሱን ምን አደርገዋለሁ?

አንድ ሻማ አበራሁ፣ ዋጋውን ከፍዬ፣
ወደ ሰሜኑ ግንብ፣ «እስቲ ልየው» ብዬ።
አንድ ቅዱስ አለ፣ ከጥጉ ከበሩ ሥር፣
ስሙ ከራሱ በላይ፣ የተፋቀ በምስማር።
አርባ ዓመት ከፊቱ፣ አቧራ ጠርጌያለሁ፤
«ማን ነህ?» ብዬ ግን፣ ዛሬ እጠይቃለሁ።
ስንት ዘመን ሸጥሁ፣ መዝኜ ሰሙን፣
ወርቁ የት ነው ሳልል፣ ሳልጠይቅ ስሙን።
መልስ የለም። ጭሱ ብቻ፣ ፊቱን እየዳሰሰ፣
ትኩሱ ሰም ወርዶ፣ ጣቴ ላይ ፈሰሰ።

ንጋት ላይ ቁልፍ ጮኸ፣ ቄስ ስፒሮ መጡ፤
መጽሐፉን ስደብቅ፣ ሻማዎች ተገለበጡ።
ሊለቅሙ ጎንበስ ሲሉ፣ ሽፋኑን አዩና
በር በሩን ተመልክተው፣ ጢማቸውን ነካኩና
«ዲያቆኑ ጋ ደረስሽ?» አሉኝ በሹክሹክታ።
«ሞተ እኮ» አልኋቸው። ዝም አሉ ለአፍታ።
«እኔም እሱን ነበር፣ የጠረጠርሁት» አሉ፣
ሻማ እየለቀሙ፣ ጥግ ጥጉን እያሉ።