ሦስት ትኬት

ከዚራ ጸጉር ቤት፣ ከመስታወት በላይ፣
ካላንደር ተሰቅሏል፣ የቆመ ሐምሌ ላይ።
ሥዕሉ አሮጌ አገር፣ በግንብ የታጠረ፣
ከደጁ ባሕር ላይ መርከብ የታሰረ።
ረምዚ እሱን ሲያይ፣ አንገቱን ጠምዝዞ፣
ቤት መጣ፣ ጆሮው ላይ ደም ያለው ጥጥ ይዞ።

«እማ፣ ለቅዳሜ በመርከብ እንሂድ፣
ግንቡ ውስጥ እንደር፣ እንመለስ እሑድ።»

በእኛ ቤት የባሕር ወሬ ሲነሣ
እጄ የታጠበን ሳህን ያጥባል፣ መታጠቡን እንደረሳ።
አባቱ ጅቡቲ፣ ወደብ ላይ ይሠራል።
«ይደውላል» እላለሁ። ልጁ ስልኬን ቻርጅ ያደርጋል።

«መርከብ አለ» አልኩት፣ ለምን እንዳልኩ እንጃ፤
«ሐረር ድረስ አለ፣ ሁለተኛ ደረጃ።»

ሌሊቱን የደብተር ሽፋን ሲቆርጥ አመሸ።
ትኬት ሠራ። መርከብ ሣለበት፣ ጭሱን በቀይ እስክሪብቶ።
ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት፣ ቁጥር ሦስት።
«ሦስተኛው የማን ነው?» አላልኩም።

የአብዶሽ ሚኒባስ በሩ በገመድ ይታሰራል፤
ረዳቱ «ሐረር፣ ሐረር፣ አንድ ሰው!» ይጣራል፤
አንዱ ሰው ሲገባ ሦስት ይጨምራል።
ረምዚ ትኬት ሰጠው። ረዳቱ አገላብጦ
«ዝርዝር የለኝም» አለ፣ ጥርሱን አግጥጦ።

ደንገጎን ስንወጣ፣ ጥምዝዙ ሲበረክት፣
አንዲት ነፍሰ ጡር ሎሚ ስታሸት፣
«ማዕበል ነው» አለኝ ልጄ፣ ደስ ብሎት።

ሀረማያ ደረስን። «ባሕሩ የት አለ?»
አዴ ዙቤይዳ መስኮቱን መቱ፣ ሂና በቀላ ጣት፦
«ይኸው፣ እዚህ ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ
ወንድሜ ዓሣ ያመጣል፣ እናቴ ሽታውን ትጠላለች።
ከዚያ ውሃው ሄደ፣ ሰው እንደሚሄደው፣ ሳይሰናበት።
አሁን ትንሽ ትንሽ ተመልሷል ይላሉ።
እኔ እንጃ። የሄደ ሲመጣ፣
መጀመሪያ እግሩን ነው የማየው።»

ከሸንበቆው ማዶ ስንዝር የሚያክል ውሃ አበራ።
ላም ጉልበቷ ድረስ ገብታ ትጠጣለች።
ረምዚ እጁን አውለበለበ፤ ላሟ ቀና አለች።

ግንቡን ሲያይ ዝም አለ። ከካላንደሩ ያንሳል።
ቀስ ብሎ ዳሰሰው። «እማ» አለኝ፣ «ይሞቃል።»
በሰንጋ በር ገባን። መንገዱ ከሁለት ክንድ አነሰ፤
አንዲት አህያ ከነጭነቷ ስትመጣ፣ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ተመለሰ።
የግድግዳው ኖራ ትከሻዬ ላይ ቀረ።

መኪና ግርግር፣ የስፌት መኪኖች ደጅ ላይ ሲንጣጡ፣
አው ቶፊቅ፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ፣
«በእጅህ ያለው ምንድነው?» አሉት።
ተቀብለው መረመሩ፤ የጉምሩክ ሰው እንጂ ልብስ ሰፊ አይመስሉም።
«መቀደጃ የለውማ! እንዲህ ያለውን ወደብ ላይ አይቀበሉም።»
ክሩን ከመርፌው አወጡ። ትኬቶቹን አንድ ባንድ
አሳለፏቸው፤ ጠ ጠ ጠ ጠ፣ ቀጥ ያለ የነጥብ መንገድ።
«ይኸ መሄጃ፣ ይኸ መመለሻ። ይኼኛውስ የማነው?»

ረምዚ እኔን አየ። እኔ የክር ሱቁን።
«የአባዬ ነው» አለ፣
«እሱ መመለሻውን ብቻ ነው የሚፈልገው።»

አው ቶፊቅ ምንም አላሉም።
ያንን አንዱን ደግመው አሳለፉት፣
በዚያው ነጥብ ላይ፣ ሳይስቱ።

ማታ አክስቴ ቤት፣ ቀይ መደብ ላይ አደርን።
ጅብ በግንቡ የውሃ መውረጃ ሲገባ ጮኸ።
«መርከቡ ነው?»
«አዎ» አልኩት። «ተኛ።»

እሑድ ስንመለስ ደንገጎ ጉም ውጧት ነበር።
ከታች ድሬ የለችም፤
እስከ አድማስ ነጭ ውሃ ብቻ፣
ጥቂት የተራራ ጫፍ እንደ ደሴት።
አብዶሽ መብራት አበራ፣ ጡሩምባ ነፋ፣ ደግሞ ነፋ።
ረምዚ ጭኔ ላይ ተኝቷል፣ አፉ ተከፍቶ።
ልቀሰቅሰው እጄን አነሣሁ።
መለስኩት።

ከዚያ ሙቀቱ ተቀበለን፣ የደቻቱ ደረቅ አሸዋ፣ የባጃጅ ጩኸት።
ሦስተኛው ትኬት ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ከመታወቂያዬ ጋር፣ ሳይቀደድ።
ልጁን አስተኛሁት። ጫማውን አወለቅሁ።
ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰካሁ፣
በራሴ እጅ።