ሰሙ ሽያጭ

ዋን ሩስዲ መነጽሩን ወለወለው ደግሞ፣
ውሉን አነበበው ከመስኮቱ ሥር ቆሞ።
ኮታ ባሩ ይዘንባል፤ ቆርቆሮው ይንጫጫል፣
ጸሐፊው ማኅተሙን ጨብጦ ይጠብቃል።

መክ ኪልሶም፣ ዓሣ ሻጭ፣ ከወንዙ አፍ መንደር፣
የጠየቀችው ማቀዝቀዣ፣ አንድ፣ ባለ ሁለት በር።
ውሉ የሚያወራው ግን ስለ ዘንባባ ዘይት፦
ባንክ ገዝቶ በዱቤ፣ አትርፎ ሸጠላት፤
እሷ ለሌላ ሸጠች፣ ዋጋው ቀንሶ፣ በጥሬ፤
ሦስት ገበያ አለቀ በአርባ ሰከንድ ዛሬ።
ዘይቱ ከጋኑ አልተላወሰም፣
መቶ ሰው ገዝቶታል፣ አንድም ሰው አልቀመሰም።

«አንቀጹ ሙሉ ነው፣ ኡስታዝ።»
                    አዎ፣ ሙሉ ነው፤
ስንቱን እንዲህ ያለ በብዕሩ አለፈው!
ሰሙ ሽያጭ ሆኖ፣ ወርቁን ሲመዝነው፣
አራጣ ነው ያ ጥንቱ፣ ካባ የደረበው።

«ሕጉ ገንዘብ ይጠበቅ ሲል፣ የማንን ነው? የባንክ?
ዓላማው ከጠፋ፣ ምኑ ላይ ነው ልክ?
ማቀዝቀዣውን ራሱን ገዝተን ብንሸጥላት፣
ሳይደርስ ቢሰበር እኛ ብንከስርላት?»

ጸሐፊው ሰዓት አየ፦ «ለእሱ ቅጽ የለንም።»
ብዕሩ ተከድኗል፤ ዝናቡ አላባራም።
ከወንዙ አፍ፣ በቅርጫት፣ ዓሣ ያድራል ዛሬም፣
እሱ ደግሞ ፈትዋ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።